የጉባ ሌሊትና በስልክ የሚመጣው ሹክሹክታ

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የታላቁ ህዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተጣለ ወዲህ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል መተከል ዞን ያለው ጉባ ሌሊት የሌለው ወረዳ ሆኖ ኖሯል። የግድቡ ሥራ 24 ሰዓት የሚካሄድ ነበርና አንዱ ፈረቃ ሲገባ ሌላው ይወጣል፤ ክሬሸሩ ድንጋይ ይፈጫል፣ ገልባጩ ወደ ኋላ ሲመለስ ይጮኻል፣ ሮለሩ ኮንክሪቱን እያንቀጠቀጠ ይጠቀጥቃል። 1,780 ሜትር የሚረዝመው ግንብ የተነሳው በዚህ ጫጫታ መካከል ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ተመረቀ። ስለ 5,150 ሜጋ ዋቱና ስለ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩቡ ውኃ ያልተባለ ነገር የለም። እዚያ ስለሚያድረው ሰው እንቅልፍ ግን ሲነሳ አልሰማሁም።

ጉዳዩን እንዳነሳው የገፋፋኝ ሌላ ነገር ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው ስልኩን ይከፍትና አይቶት የማያውቀው ሰው ጆሮው ላይ እየተንሾካሾከለት ይተኛል። ኤ.ኤስ.ኤም.አር. ይሉታል። ለጭንቀት መድኃኒት፣ ለድብርት ማስታገሻ፣ ለእንቅልፍ ፍቱን እየተባለ ይወራለታል። ኔትወርክ ያለበት ቦታ ሁሉ ይደርሳል፤ ጉባም ኔትወርክ አለ። እንግዲህ ይህ ነገር በረሃ ላይ ከቤተሰቡ ተለይቶ ለሚያድር ሠራተኛ፣ ከዚያም አልፎ የመተከልን የመከራ ዓመታት ላሳለፈ ነዋሪ ምን ያደርግለታል? የእኔ መልስ ለሁለቱ አንድ አይደለም።

መጀመሪያ ነገሩን እንየው። ቪዲዮው ሲከፈት አንዲት ሴት ካሜራው ፊት ተጠግታ ተቀምጣለች። ግራና ቀኟ ሁለት ማይክ አለ። በቀኝ ማይክ ትንሾካሾካለች፤ ድምፁ በቀኝ ጆሮህ ይገባል። ቀስ ብላ ወደ ግራ ትዞራለች፤ ድምፁም አብሯት ይዞራል። በጥፍሯ ጣውላ ትመታለች፣ በለስላሳ ብሩሽ ማይኩን ታብሳለች፣ ፎጣ ታጥፋለች፣ መልሳ ትዘረጋለች። ታሪክ የለውም፣ ቁም ነገር የለውም፣ አንዳንዱ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ነገሩ የሚሠራለት ሰው አናቱ ላይ ይጀምርና በማጅራቱ በኩል ወደ ጀርባው ውርር የሚል ደስ የሚል ስሜት ይወርድለታል፤ ከዚያ ሰውነቱ ይላላል። የማይሠራለት ደግሞ ይበሳጫል። ሌላው ሲያኝክ ወይም ሲጠጣ የሚወጣው ድምፅ ደም የሚያፈላባቸው ሰዎች አሉ፤ ለእነሱ ይህ ቪዲዮ ቅጣት ነው።

ስሙን እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣችው ጄኒፈር አለን የተባለች አሜሪካዊት ናት። ሐኪም አይደለችም፤ ስሜቱ የሚሰማት ሰው ነበረች። ስሙ ሳይንስ ሳይንስ እንዲሸት አስባ እንደመረጠችው ራሷ ተናግራለች። ሰዎች ስለሚሰማቸው ነገር ሳያፍሩ እንዲያወሩ የሚያስችል ስም ያስፈልግ ነበር። ጥናቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከስዋንሲ ዩኒቨርሲቲ ባራትና ዴቪስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ስሜቱ የሚሰማቸውን 475 ሰዎች ጠየቁ። 82 በመቶው ለእንቅልፍ፣ 70 በመቶው ከውጥረት ለመውጣት እንደሚጠቀሙበት መለሱ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የተጠየቁት ቀድሞውንም ነገሩን የሚወዱት ናቸው። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ ጸሎት ያጽናናችኋል ወይ ብሎ እንደመጠየቅ ነው። መልሱ ውሸት ባይሆንም አልፎ ሂያጁን አይወክልም።

ከሦስት ዓመት በኋላ በሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ጥናት ይሻላል፤ የሰዎችን ቃል ብቻ ሳይሆን የልብ ምታቸውንም ለካ። ስሜቱ የሚሰማቸው ሰዎች ቪዲዮውን ሲያዩ የልብ ምታቸው በአማካይ በደቂቃ በሦስት ገደማ ቀነሰ። ሦስት ምት ብዙ አይደለም፤ ግን በምኞት ብቻ የመጣ እንዳልሆነ ያሳያል። የኖርዘምብሪያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ስሜቱ የሚሰማቸው ሰዎች ከሌላው ይልቅ በተፈጥሯቸው ለጭንቀት ቅርብ መሆናቸውን፣ ቪዲዮውን ካዩ በኋላም የዚያች ሰዓት ጭንቀታቸው እንደሚረግብ አገኙ። የዚያች ሰዓት የምትለዋ እንዳትዘነጋ። የእነዚህ ጥናቶች ፍሬ ሲጠቃለል ለአንዳንድ ሰው ለጥቂት ሰዓት ይጠቅማል የሚል ነው፤ በሽታ ያድናል የሚል የለም።

ከቁጥሮቹ ይልቅ እኔን የሳበኝ ስሜቱን የሚቀሰቅሱት ነገሮች ዝርዝር ነው። በ2015ቱ ጥናት ሹክሹክታ 75 በመቶ፣ አንድ ሰው ለብቻህ ትኩረት ሲሰጥህ ማየት 69 በመቶ፣ እንደ ፎይል ሲሽ የሚል ወይም እንደ ጥፍር ኳ ኳ የሚል ድምፅ 64 በመቶ፣ ዝግ ያለ እንቅስቃሴ 53 በመቶ አግኝተዋል። እነዚህን አንድ ላይ አድርጋችሁ ሹሩባ ስትሠራ የምትውለዋን ልጅ አስቧት። እናቷ ጉልበት መሐል ተቀምጣለች። ሚዶው ጸጉሯን ይከፍላል፣ ጣቶች አናቷን ይነካካሉ፣ ከላይ የጎረቤት ወሬ በዝግታ ይወርዳል። ግማሽ ጭንቅላት ሳያልቅ ልጅቱ አንገቷ ይዘማል፤ እናት በጉልበቷ ቀና ታደርጋታለች፣ መልሳ ትተኛለች። ያስተኛት ድምፁ ብቻ አይደለም። አንድ የምታምነው ሰው እሷ ላይ ብቻ አተኩሮ እየሠራ ነው፣ እሷ ደግሞ ምንም ማድረግ አይጠበቅባትም።

ኤ.ኤስ.ኤም.አር. የሚሸጠው ይህንን ነው። ጸጉር የሚያበጥር፣ ፊት የሚያጥብ፣ ዓይን የሚመረምር መስሎ የሚቀርበው ቪዲዮ የበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። ገበያው ያለው ደግሞ ጸጉሩን የሚነካለት ሰው አጠገቡ ከሌለው ዘንድ ነው።

በእኛ አገር በድምፅ ማረፍ አዲስ ነገር አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ትረካው እንዳያመልጠው ሥራውን ትቶ የሚሰበሰበው ሰው ብዙ ነበር፤ የዛሬው ወጣት ያንኑ ድምፅ በዩቲዩብ ከፍቶ ይተኛበታል። ሙስሊሙ ቁርአን፣ ክርስቲያኑ መዝሙረ ዳዊት ከፍቶ ያድራል። በገና ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። አሥሩ ጅማቶች ድልድዩ ላይ ሲያርፉ በእያንዳንዳቸው ሥር እንዚራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል። ጅማቱ ሲመታ ቆዳውን እየነካካ ስለሚንቀጠቀጥ ያ ዝዝ የሚለው ድምፅ ይወጣል። አንድ በገና ደርዳሪ ከመዘመሩ በፊት እንዚራውን በጣቱ እየገፋና እየሳበ ሲያስተካክል ማየት ራሱ ያረጋጋል። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ለአደባባይ ሳይሆን ለክፍል የተሠራ መሣሪያ ነው። መጽሐፈ ሳሙኤልም ሳኦልን ሲያውከው የነበረውን መንፈስ ዳዊት በገና እየደረደረ ያርቅለት እንደነበር ይናገራል። ለአእምሮ ሕመም የታዘዘ ድምፅ ብንለው ማን ይከለክለናል!

ይሁን እንጂ «ይህማ እኛ ጋ ድሮም ነበረ» ብሎ ማለፍ ቀላል ኩራት ነው። ትረካ ልብ ይሰቅላል፤ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ሩ በዛብህ ምን ይሆን ብሎ የተጨነቀ ሰው አይተኛም። በገና ወደ ንስሐና ወደ ሞት ሐሳብ ይወስዳል፤ የዐቢይ ጾም ወዳጅ የሆነውም ለዚህ ነው። የስልኩ ሹክሹክታ ግን ምንም አይልም። ሐሳብ ለበዛበት ጭንቅላት ምንም የማይል ድምፅ አንዳንዴ ከሁሉም ይሻላል። በዚህ ምክንያት ቋንቋው እንኳ ለውጥ አያመጣም፤ በኮሪያኛ ሹክሹክታ የሚተኛ አሜሪካዊ ሞልቷል። አማርኛ፣ ጉሙዝኛ፣ በርታኛና ሺናሽኛ በሚነገሩበት አካባቢ ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም።

ወደ ጉባ እንመለስ። ከደቡብም ከሰሜንም ለሥራ የመጣ ሠራተኛ የሚያድረው ካምፕ ነው። የሌሊት ፈረቃ ከሆነ የሚተኛው ቀን ነው። ሰውነት እንቅልፍ እንዲይዘው ከውስጥ መቀዝቀዝ ይፈልጋል፤ ጉባ ላይ ደግሞ በበጋ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ፀሐይ ደግሞ ለአንጎል «ንቃ» የምትል ሰዓት ናት። በሌሊት የነቃው በቡና ነው፤ ሾፌር ከሆነ ምናልባት በጫት። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግማሹ ከደም ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ንጋት 11 ሰዓት ላይ የጠጣ ሰው ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ጋደም ሲል ግማሹን ይዞ ይተኛል። እዚህ ላይ የሚያስቀኝ ነገር አለ። የኢትዮጵያ ቡና ሲቆላ፣ ሙቀጫ ውስጥ ሲወቀጥ፣ ከጀበና ወደ ሲኒ ሲንቆረቆር የሚያሳዩ ቪዲዮዎች በዚሁ በኤ.ኤስ.ኤም.አር. ስም ይሰራጫሉ። ድምፁ ያስተኛል፣ የድምፁ ባለቤት ይቀሰቅሳል።

ለዚህ ሠራተኛ ሹክሹክታው ሊጠቅም ይችላል። የጎደለው ሰው ነው፤ የተረፈው ሐሳብ ነው። ልጁ ምን በላ፣ ደመወዝ መቼ ይገባል፣ ውሉ ሲያልቅ ወዴት ይኬዳል እያለ ጣሪያ ላይ ሲያፈጥ አንድ ዝግ ያለ ድምፅ ሐሳቡን ቢያቋርጥለት ምን ክፋት አለው? የሚያስፈልገው መላ ብቻ ነው። ቪዲዮ ዳታ ይበላል፤ ድምፁን ብቻ ማውረድ ይሻላል። አንድ ሰዓት ጥሩ ጥራት ያለው ድምፅ 58 ሜጋ ባይት ገደማ ነው፤ ቪዲዮው የዚያን ብዙ እጥፍ ይፈጃል። ድምፁን ያወረደ ሰው ሌላም ነገር ያተርፋል። ዩቲዩብ ላይ ሹክሹክታው መሐል ድንገት የሚፈነዳው ማስታወቂያ የተኛውን ሰው ከአልጋው ያስፈነጥረዋል። ስልኩ ራሱን በራሱ እንዲዘጋ ሰዓት መሙላት፣ ድምፁን ከሰው ንግግር ዝቅ ማድረግም ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ጆሮ ያስቀመጠው ጣሪያ በሳምንት 40 ሰዓት 80 ዴሲቤል ነው። በጫጫታ ውስጥ ሲሠራ የዋለ ጆሮ ግን ኮታውን እዚያው ጨርሷል።

ሁለተኛው ሰው ላይ ስንደርስ ነገሩ ይለወጣል።

ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን ቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ላይ የደረሰው ጥቃት ጎህ ሳይቀድ፣ ሰው በተኛበት ነበር። ከመቶ በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በወቅቱ ገልጿል። በዚያው ዓመት በመተከል ዞን ከቀዬው የተፈናቀለው ሰው ከመቶ ሺህ በላይ ነበር፤ ብዙው ወደ አዊ ዞን ቻግኒ ሸሸ። ጉባም የዚሁ ዞን ወረዳ ናት። እንዲህ ያለውን ሌሊት ያየ ወይም የሰማ ሰው እንቅልፍ ያጣው ሐሳብ ስለበዛበት ብቻ አይደለም። እየጠበቀ ነው። አንድ ጆሮው ሁልጊዜ ውጭ ነው፤ ውሻ ለምን ጮኸ፣ ቅጠሉ ለምን ተንኮሻኮሸ፣ ያ የጥይት ድምፅ ነው ወይስ የሞተር ሳይክል?

ለዚህ ሰው ኢርፎን ሰክተህ ሹክሹክታ ስማ ማለት ጥበቃውን ጣል ማለት ነው። የሚያረጋጋ ድምፅ የሚያስተኛበት አንዱ መንገድ ሌላውን ድምፅ በመሸፈን ነው። የተኛን ሰው የሚቀሰቅሰው የድምፁ መጠን ብቻ አይደለም፤ ድንገተኛ ለውጡ ነው። ወጥ የሆነ የዝናብ ወይም የፏፏቴ ድምፅ ከኋላ ካለ፣ በሩ ሲንኳኳ አንጎል ብዙም ልዩነት አያይም። አዲስ አበባ ላይ ከዳንስ ቤት አጠገብ ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። አደጋውን ቀድሞ ለመስማት ለሚያዳምጥ ሰው ግን መሸፈኑ ራሱ አደጋ ነው። አንዳንዱ ሞክሮት የባሰ ቢጨነቅ የሚገርም አይሆንም፤ አልሠራልኝም ብሎ ራሱን ይወቅስ ይሆናል እንጂ የሰውነቱ እምቢታ ምክንያት አለው።

ለግድቡ ሲባል ከዓባይ ዳር የተነሱት ደግሞ ሌላ ነገር አጥተዋል። ዓባይ በጉባ ሲፈስ ወጥ የሆነ ድምፅ ነበረው። ግድቡ የፈጠረው ንጋት ሐይቅ ግን ሐይቅ ነው፤ የተኛ ውኃ አይናገርም። ሌሊቱ ባዶ ሲሆን ትንሹ ኮሽታ ይጎላል። በእርግጥ ማንም ግድብ የሚሠራ ሰው የወንዝን ድምፅ ከካሳ ዝርዝር ውስጥ አያስገባም፤ ይገባል ማለቴም አይደለም። አዲስ መንደር ውስጥ ሰው ለምን እንደማይተኛ ሲጠየቅ ግን ከመልሶቹ አንዱ ይኸው ነው።

በአሶሳ ዙሪያም ተመሳሳይ ሰዎች አሉ። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሳ በኩርሙክ በኩል የገቡትና ዛሬ ኡራ መጠለያ ያሉት ስደተኞች ሌሊታቸው ከመተከሉ ተፈናቃይ ብዙ አይለይም። ለእነዚህ ሰዎች የሚሠራው ነገር በሌላ በኩል ይመጣል። በዓለም ላይ ለረጅም ጊዜ እንቅልፍ ማጣት ሐኪሞች ቀድመው የሚያዙት መድኃኒት አይደለም፤ የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳስቀመጠው የአስተሳሰብና የልማድ ሕክምና ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። በየቀኑ በአንድ ሰዓት መነሳት፣ እንቅልፍ ካልመጣ ከአልጋ ወርዶ ሌላ ቦታ መቀመጥ፣ አልጋን ለእንቅልፍ ብቻ መተው። አሁን ልብ በሉ፤ አልጋ ውስጥ ስልክ ይዞ ሦስት ሰዓት ሹክሹክታ መስማት ከመጨረሻው ምክር ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። ድምፁ ካልተከፈተ መተኛት የማይችል ሰው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሲነቃ እንደገና ስልኩን ይፈልጋል፤ ስልኩ ሲከፈት ዜናም ቲክቶክም አብሮ ይከፈታል። ይህንን ሁሉ የሚያስረዳ ባለሙያ በየወረዳው ማግኘት ግን ከባድ ነው። የአእምሮ ሕክምና ሲነሳ ብዙ ሰው ዛሬም የሚያስበው አዲስ አበባ ያለውን አማኑኤልን ነው፤ ከጉባ አማኑኤል ድረስ ስለ እንቅልፍ ብሎ የሚሄድ የለም።

ቦታው ባዶ ሲሆን ነጋዴ ይገባበታል። ሹክሹክታ ዛሬ ትልቅ ንግድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ እግር ኳስ ፍጻሜ ላይ ተዋናይት ዞዊ ክራቪትዝ ቢራ ያስተዋወቀችው በሹክሹክታና ጠርሙሱን በጥፍሯ እያንኳኳች ነበር። ቻይና ደግሞ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ወሲባዊ ይዘት ተቀላቅሎበታል ብላ ድረ ገጾች እንዲያጸዱት አዘዘች። እኔ በየትኛውም ወገን አልሰለፍም። «ድብርትን ይፈውሳል» የሚል ርዕስ ስታዩ ግን ያ ርዕስ የተጻፈው ለተመልካች ቁጥር ነው። በድብርት የታመመ ሰው ሁለት ሳምንት ሹክሹክታ ሰምቶ ሳይሻለው የምግብ ፍላጎቱ ጠፍቶ፣ መኖር አስጠልቶት እቤት ቢቀመጥ ተጠያቂው ማነው?

ሠራተኛውን በሚመለከት ኃላፊነቱ ከስልኩ በፊት የአሠሪው ነው። ቀን የሚተኛ ሰው ጨለማ ክፍል፣ የሚነፍስ አየር፣ ያልተቀደደ አጎበር ይፈልጋል። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ወባ የሚበረታበት ክልል ነውና አጎበሩ የእንቅልፍም የሕይወትም ጉዳይ ነው፤ ጆሮ ሥር የምትጮኽ ትንኝ ባለችበት የትኛውም ሹክሹክታ አይሠራም። የድምፅም ሕግ አለን። በኢትዮጵያ ደረጃ መሠረት መኖሪያ አካባቢ በሌሊት ከ45 ዴሲቤል ማለፍ የለበትም። ግድቡ አልቋልና አሁን የሌሊቱን ጸጥታ የሚሰብረው በረድፍ የቆመ ማሽን መሆኑ ቀርቶ የጭፈራ ቤት ድምፅ ማጉያ እየሆነ ይሄዳል፤ ይህ ደግሞ ከግድቡ በተለየ «ለአገር ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ነዋሪውን በሚመለከት ደግሞ ኢርፎን ከመስጠት በፊት የሚቀድም ሥራ አለ። በየመንደሩ ሮንድ የሚባለው የጎረቤት ጥበቃ አለ፤ ተራ ይወጣል፣ ስም ይያዛል። ብዙዎች ስለ ሮንድ የሚያስቡት ሌባ ስለ መከላከል ነው። ለእንቅልፍ ያለው ጥቅም ግን ከዚያ ይልቃል፤ ዛሬ ማታ እገሌና እገሌ ነቅተው እንደሚያድሩ የሚያውቅ ሰው ጆሮውን ከውጭ መመለስ ይችላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር እንቅልፍስ እንዴት ነው ብላ ብትጠይቅ፣ ለሚፈራው ሰው ተራው የማን እንደሆነ ያውቅ እንደሆነ ብትጨምር፣ ለብቸኛው ደግሞ ሬዲዮኑን ዝቅ አድርጎ ከአልጋው ራቅ እንዲያስቀምጥ ብትመክር፣ ሁለቱን ሰዎች ለይታ አከመች ማለት ነው። ሹክሹክታው ከዚያ በኋላ ለፈለገ ይኑር፤ ለማይሰማውም ምንም አልቀረበትም።